ከቁልቁለት በፊት ምሳ የለም፦ የጎንደር መንገደኞች ጥያቄና መልስ

ይህ ዓምድ ከጎንደር ተነሥተው በራሳቸው መኪና አገር አቋርጠው ለሚሄዱ ነው። ከደረሱን ጥያቄዎች ገሚሶቹ ስለ መኪና፣ ገሚሶቹ ስለ ምግብ ናቸው። እኛ ግን ለያይተን አላየናቸውም፤ ሾፌሩ ምን በላ፣ መቼ በላ፣ ከበላ በኋላስ ምን ዓይነት መንገድ ይጠብቀዋል የሚለው አንድ ጥያቄ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቻችንን ይዤ በቪትዝ ከጎንደር አዲስ አበባ ልሄድ ነው። በአንድ ቀን እገባለሁ ወይስ ማደር አለብኝ? የትስ እንብላ? — ከማራኪ

መልስ፦ በአንድ ቀን እገባለሁ ብለው አይነሡ። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው፣ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁና ኬላው ሲታሰብ የቤት መኪና በሰዓት በአማካይ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ቢገፋ ነው። ይህ ምግብና ዕረፍት ሳይጨመር 13 ሰዓት ያህል መንዳት ይሆናል። የቀን ብርሃናችን ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ልግባ ያለ ሰው ወይ ከጎንደር በሌሊት ይወጣል፣ ወይ ከፍቼ ወዲህ ይመሽበታል። በጨለማ ደግሞ የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ አለ፣ የቀኑን ሙቀት ፈልጎ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት አለ።

ደብረ ማርቆስ ይደሩ። ከጎንደር 445 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመንገዱ ግማሽ አለፍ ይላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ የዓባይን በረሃ ለማግስቱ ጠዋት ማቆየቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሾፌሩም አርፏል፣ ፍሬኑም ቀዝቅዟል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ቢከፋፈል ይመቻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይውጡ። ቤት ውስጥ ትልቅ ቁርስ አይብሉ፤ ሻይና አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። አዘዞን፣ ማክሰኝትን፣ እንፍራንዝንና አዲስ ዘመንን አልፈው 120 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነዱ፣ 2 ሰዓት ከሩብ ግድም ወረታ ይደርሳሉ። ቁርሱ እዚህ ነው፦ እንቁላል፣ ፉል ወይም ቅንጬ። ፎገራ ሩዝ አብቃይ አገር ነውና እንጀራው ጤፍ ከሩዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ትኩሱ ለስላሳና ነጭ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቅና ይሰባበራል። እዚያው ይብሉት እንጂ ለመንገድ ጠቅልለው አይያዙት። በክረምት የሚሄዱ ከሆነ በዚህ ሜዳ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚወጡበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሣትዎ በፊት ከባሕር ዳር የገባ ሾፌር ይጠይቁ።

ባሕር ዳር 4 ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ። እዚህ ግማሽ ሰዓት እግር ማፍታቻ እንጂ ምሳ አይደለም፤ ሆድ ገና አልተራበም፣ አሳው ቢያጓጓም። ልጆቹ ሐይቁን ካዩ በኋላ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡና በዱርቤቴና በዳንግላ አድርገው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ እንጅባራ ይደርሳሉ፤ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ምሳው እንጅባራ ይሁን። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርድ አላት፤ ሹራቡ ከሻንጣው ሥር አይቀበር። ሾፌሩ ሽሮ ወይም ቅቅል ይብላ፤ አንድ እንጀራ ይበቃዋል። ክትፎና ቅባት የበዛበት ጥብስ ለተሳፋሪ ይተውለት። ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወርድም፣ ድብታውንም ያረዝመዋል።

ድብታ የምንለው የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሰውነት ምሳ ባይበላ እንኳ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ምሳው ሲታከልበት ይብሳል። ስለዚህ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ 8 ሰዓት ከሩብ አካባቢ፣ መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙ፤ አንድ ሲኒ ቡና ይጠጡና ወዲያው ወንበሩን አስተኝተው 20 ደቂቃ ይተኙ። ቡናው በደም ውስጥ ሥራውን የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነውና ሲነቁ ሁለቱም ባንድ ላይ ይደርሱልዎታል። ከ20 ደቂቃ በላይ የተኛ ሰው ግን ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ደንዝዞ ይነሣል፤ የስልኩን ደወል ይሙሉት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠናቀቅ ቁጭ ማለት ለማታ ይቆይ። ጫት ነቅቼ እንድነዳ ይረዳኛል የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ጫት ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ሲለቅ ድካሙ የተጠራቀመውን ይዞ ይመጣል፣ የሚመጣውም መሪ እንደያዙ ነው።

10 ሰዓት አካባቢ ደብረ ማርቆስ ይገባሉ። ገና ብርሃን ስለሆነ ጎማና ዘይት ለማየት፣ ግቢ ያለው ማደሪያ ለመምረጥም ጊዜ አለ። እራት እንደልብ ነው፤ ክትፎውም ቢሆን።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ በሻይና በዳቦ ብቻ ይውጡ። ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ነው። ደጀን ላይ ቁርስ አይብሉ፤ በረሃውን ቀለል ባለ ሆድ ይውረዱና ጎሐ ጽዮን ላይ ሲወጡ ይብሉ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ የወረዱትን ያህል ደግሞ ይወጡታል። ሆዱ የሞላ ሾፌር ቁልቁለት ላይ እግሩን ፍሬን ላይ ጥሎ ያርፋል። ይህን ጠምዛዛ ሙቀት ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ከባድ ምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ላይ የሚወርዱትን ስናይ ነው የምንደነግጠው። ከጎሐ ጽዮን በገብረ ጉራቻና በፍቼ አድርገው 7 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት አዲስ አበባ ይደርሳሉ።

ይህ ሁሉ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። በዋዜማው ማታና በዕለቱ ጠዋት መነኻሪያ ሄደው፣ ከሚሄዱበት አቅጣጫ የገቡ ሾፌሮችን ይጠይቁ፤ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሠራም። ለኬላ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአንድ ኪስ ይሁኑ። ትርፍ ጎማው ነፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና ጎማ መፍቻው በቦታቸው እንዳሉ ጎንደር ላይ ያረጋግጡ። ጎማ መፍቻው የራስዎን ብሎን የሚገጥም መሆኑን በእጅ ሞክሩት፤ ያገለገለ መኪና ከሌላ መኪና የመጣ መፍቻ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዜ አውቶማቲክ ናት። ሊማሊሞን ስወርድ ጎማ የሚቃጠል የሚመስል ሽታ መጣ፤ ጥቂት ቆይቶ የፍሬኑ ፔዳል ለሰለሰብኝ። ቆሜ ስነሣ ደህና ሆነ። መካኒኩ ፍሬኑ ምንም የለውም ይላል። ታዲያ ምን ነበር? — ከአውቶ ፓርኮ

መልስ፦ መካኒክዎ አልዋሸም፤ ያየው የቀዘቀዘ ፍሬን ነው። ችግሩ የሚታየው ሲግል ብቻ ነው።

ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሊማሊሞ ከዚያ ወደ ቆላው ይጥልዎታል። መኪና ከዳገት ሲወርድ የነበረው ጉልበት ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ በፍሬን ብቻ ከያዙት ሁሉም ሙቀት ሆኖ የፍሬኑ ሸራ (ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው ክፍል) ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ሁለት ናቸው፣ ምልክታቸውም ይለያያል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ያቆማል፦ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ይረግጡታል፣ መኪናው ግን አይቀንስም። ሁለተኛው እርስዎን የገጠመዎት ነው፦ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዘይት አይታመቅም፣ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እግርዎ የሚጫነው እንፋሎቱን ነው፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል፣ ሲብስም ወለል ይነካል። ቆመው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፤ መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ምንም የለም።

የፍሬን ዘይት ለምን ይፈላል? ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 በአዲስነቱ 230፣ እርጥበት ጠጥቶ 155 ነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የማያውቁ ከሆነ አሁኑኑ ያስቀይሩ፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ። ሲያስቀይሩ ዕቃው ላይ ያለውን ብቻ ቀድተው እንዳይሞሉት፤ በአራቱም ጎማ በኩል አሮጌው ወጥቶ ንጹሑ እስኪመጣ መንፋት አለበት። ዶት 3 ይጠቀም የነበረ መኪና ዶት 4 ቢገባበት ይስማማዋል። ግማሽ የቀረው፣ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ የከረመ ጠርሙስ ርካሽ ነው ተብሎ አይገዛም።

አነዳዱ ደግሞ እንዲህ ነው። በማርሽ ይውረዱ። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፣ አሁንም ልክ ነው። አውቶማቲክ ላይ ማርሹን ዲ ላይ ትቶ መውረድ ሞተሩ እንዳይዝ ማድረግ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ኤል፣ 2፣ ቢ ወይም ኤስ ወደሚለው ያምጡት፤ መኪናዎ ላይ የተጻፈው የትኛውም ይሁን፣ ሥራው ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር አስሮ መያዝ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፤ አይፍሩት፣ የዙር መቁጠሪያው ቀይ መስመር እስካልደረሰ አይጎዳም። ፍሬን ሲረግጡ ጠንከር አድርገው ለ3 ወይም ለ4 ሰከንድ ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ፈጽመው ይልቀቁ። ቀስ አድርጎ ሳያቋርጡ መርገጥ የሚራራ ይመስላል፤ ሸራው ግን ነፋስ የሚያገኝበት ፋታ ያጣል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርገው የሚወርዱ አሉ። ይህ ከንቱ ቁጠባ ነው። የዛሬ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጅ ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ነፃ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ፍሬኑን ያጡበታል፣ ነዳጁንም ያወጡበታል።

ፔዳሉ መንገድ ላይ ቢለሰልስ ቶሎ ቶሎ እየረገጡ ይንፉት፣ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ያውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው እንደያዙ ቀስ እያሉ ይሳቡ። ክላክስ ይንፉ። የባሰ ከሆነ ወደ ተራራው ወገን ነው መጠጋት፤ ቦይ ውስጥ የገባ ጎማ ይወጣል። ከቆሙ በኋላ ውሃ አይድፉበት፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬኑንም ወጥሮ አያስሩት፣ የጋለው ሸራ ሊጣበቅ ይችላል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ሲነሡ ድንጋዩን አንሥተው ከመንገድ ያውጡት። አስፋልት መሐል ተትቶ የሚቀር ድንጋይ በማታ ለሚመጣው ሌላ አደጋ ነው፤ ይህን ልማድ የሚተው ሾፌር ማየት እንወዳለን።

ጥያቄ፦ በጾም ነው የምንጓዘው። የመንገዱን የጾም ምግብ ብዙም አላምነውም፣ ከቤት ስንቅ መያዝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ምስር ወጥ ይዘን ሄደን ከሰዓት በኋላ ሸተተ። ምን ልቋጥር? ባለቤቴ ደግሞ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም፣ የሚነዳውም እሱ ነው። — እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ምስሩን ያበላሸው ሦስት ነገር ሳይሆን አይቀርም፦ ውሃው በዝቷል፣ ትኩሱ ተዘግቷል፣ ዕቃው የተቀመጠው ፀሐይ የሚመታው የመኪናው ኋላ ነው። እርጥብ ወጥ በደጋ ከ4 ሰዓት በላይ አይመኑት፤ በቆላ ግማሹን ያስቡ። ምስርም፣ ሽሮም፣ የተቀቀለ ሩዝም ያው ናቸው። ሩዝ ይልቁን ይብሳል፤ ምክንያቱም ተቀቅሎ ሲውል የሚያድገው ተሕዋስ የሚተወው መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም።

ስንቅ ማለት ደረቅ ነው፤ አያቶቻችን የያዙት ሁሉ ለዚህ ነው ደረቅ የሆነው። ለአራት ሰው ለአንድ ቀን ይህን ይሞክሩ። 6 እንጀራ ቆራርጠው ድርቆሽ ያድርጉ። በክረምት ፀሐይ ስለማይበቃው በጋለ ምጣድ ላይ እሳቱን ቀንሰው ያድርቁት። ሲሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት፤ ከታጠፈ ውስጡ ውሃ አለ፣ በማግስቱ ይሻግታል። ቁሌቱን ለብቻው ይሥሩ፦ 4 ራስ ሽንኩርት በደቂቁ ከትፈው ያለ ዘይት ያቁላሉ፣ 3 የቡና ሲኒ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይጨምሩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ያክሉ። ውሃ ጠብ አይበልበት። ዘይቱ ወደ ላይ ተንሳፎ እስኪታይ ይብሰል፤ ውሃው አልቋል ማለት ነው። ክዳኑን ሳይዘጉ ፈጽሞ ያቀዝቅዙትና ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይክተቱት። መንገድ ላይ ከፔርሙዝ 2 ብርጭቆ የፈላ ውሃ በቁሌቱ ላይ ጨምረው ድርቆሹን ይፈትፍቱበት፤ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃው መጀመሪያ ድርቆሹ ላይ ከፈሰሰ ይላቁጣል፤ ቁሌቱ ይቅደም።

በሶ ሌላው ነው። ለአንድ ሰው አንድ ብርጭቆ የበሶ ዱቄት ከጨውና ከጥቂት በርበሬ ጋር ደባልቀው፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እያከሉ ይጨብጡት፤ ግማሽ ብርጭቆ ሳይሞላ ይይዛል። ዘይት ጠብ ቢልበት አይደርቅም። ውሃ ባንድ ጊዜ ከፈሰሰበት ይጓጉላል፣ ያን ጊዜ በጥብጦ መጠጣት ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለልጆች ጥሩ ነው፤ ከ4 ዓመት በታች ላሉት ግን በሚሄድ መኪና ውስጥ ቆሎ አይሰጥም፣ መኪናው ሲዘል ሊያንቃቸው ይችላል። እንጀራ ሳይደርቅ መያዝ ከፈለጉ ከፕላስቲክ ዕቃ ይልቅ አገልግል ይሻላል፤ ቆዳው ከውጭ ይጠብቀዋል፣ ስፌቱ ደግሞ እንፋሎቱን ስለሚጠጣው አያልበውም።

ስለ ባለቤትዎ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩበት ይበጃል፤ መንገደኛና በሽተኛ የሚታዘዘውን እነሱ ያውቃሉ። እኛ የምንለው የመንዳቱን ነው። ከማታ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ ሾፌር ከቀትር በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ፍሬን ለመርገጥ የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል። እስከ 9 የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥተው 5 ሰዓት ላይ መሪውን ለሌላ ሰው ይልቀቁ። ሌላ ነጂ ከሌለ የዚያን ቀን ጉዞ ባሕር ዳር ላይ ይብቃ። በ9 ሰዓት እህል ሲቀምሱም ገበታው ላይ የቀረበውን ሁሉ በልተው ወዲያው መንዳት የለም፤ ድካምና ጥጋብ ያን ጊዜ ነው የሚገናኙት።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ። ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስ ምን እየበላሁ እሄዳለሁ? — ከአዲስ ዓለም

መልስ፦ በትልልቆቹ ከተሞች የሙስሊም ምግብ ቤት ይገኛል፤ በራቸው ላይ ጨረቃ ወይም «ቢስሚላህ» የሚል ጽሑፍ ያደርጋሉ፣ ካላዩ መስጊድ አካባቢ ይጠይቁ። በትንንሾቹ ሽሮ፣ እንቁላልና በየዓይነቱ አለ። ሽሮው በቅቤ መሠራቱን ካልፈለጉ «በዘይት» ብለው አስቀድመው ይዘዙ። ባሕር ዳር ሲደርሱ አሳው አለልዎት።

ጥያቄ፦ አሳ አዘን አጥንት አሰቃየን። የትኛውን እንዘዝ? ትኩስነቱንስ በምን እናውቃለን? — ከፒያሳ

መልስ፦ ቀረሶ (ቲላፒያ) ይዘዙ፤ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ በቀላሉ ይለቀማል። ነጭ አሳ የሚሉት ሥጋው ውስጥ የተሰገሰገ ቀጭን እሾህ አለው፣ ለልጅና ለቸኮለ መንገደኛ አይሆንም። አምባዛ እሾሁ ትንሽ፣ ቅባቱ ብዙ ነው፤ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉትም ብዙ ናቸው። አሳው ሳይቆረጥ ካዩት ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ማየት ካልተቻለ ሙሉውን ጠብሰው እንዲያመጡ ይዘዙ። የተከተፈና ቅመም የበዛበት አሳ ስንት ቀን እንደቆየ አይናገርም።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ጥሬ ሥጋ ብንበላስ? — ከአራዳ

መልስ፦ አይሆንም፤ ቤታችሁ ስትመለሱ። ኮሶ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፣ በቢላዋና በእጅ የሚመጣው ተቅማጥ ግን በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ ቀጣዩ ሽንት ቤት ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ተቅማጥ ከያዘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ለጥ ብሎ ተለክቶ፣ በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ከዚህ በላይ ጨው አይጨመር፤ መብዛቱ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ አለኝ። መተማ ስሄድ ደህና ነው፤ ስመለስ ወደ አይከል በሚያወጣው ዳገት የሙቀት መለኪያው ይወጣል። ውሃ እየጨመርኩ ነው የምገባው። ራዲያተር ልቀይር? — ከጨጨላ

መልስ፦ ራዲያተር ከመቀየርዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውም እሱ ነው። ውሃ በጎንደር ከፍታ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሞተር የሚሠራው ከዚያ ቅርብ በሆነ ሙቀት ነው፤ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ያያሉ። ስፕሪንጉና ጎማው ደህና ከሆኑ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ እርስዎም ወደ ላይ በወጡ ቁጥር መፍያው ይወርድብዎታል። ከ700 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከ2,000 በላይ ለሚወጣ መንገድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ነው ሲወርዱ ደህና፣ ሲመለሱ የሚፈላው፦ ጭነቱም በዳገቱ ነው፣ መፍያውም እየወረደ ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት ይዩ። በመከር ጊዜ የቆላው መንገድ ብናኝ፣ ገለባና ነፍሳት በቀጫጭኑ ቆርቆሮ መካከል ይሰገሰጋሉ። ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ያጥቡት፤ የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ ቆርቆሮውን ያጣጥፈዋል። ቀጥሎ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ውሃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) ይጠይቁ። ይሞቃል ብለው አውጥተው የሚጥሉት መካኒኮች አሉ። ያለ እሱ ሞተሩ በጎንደር ብርድ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፤ በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳያዳርስ ስለሚዞር ዳገት ላይ ጭራሽ ይሞቃል። መልሰው ያስገጥሙት። የቧንቧ ውሃ መጨመሩም ውስጡን ድንጋይ ያስይዘዋል፤ ግማሽ የራዲያተር ማቀዝቀዣ፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሁን። ቺንጋው ከላላና ቬንትሌተሩ ካልዞረ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅምም፣ ቺንጋውን ሞተሩ ጠፍቶ እያለ፣ የቬንትሌተሩን መዞር ሞተሩ ሲሠራ ያረጋግጡ።

ዳገት ላይ መለኪያው ሲወጣ ኤሲውን ያጥፉ፣ የማሞቂያውን ነፋስ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ይወብቃል፣ ግን የሞተሩን ሙቀት ይወስዳል። ማርሽ ቀንሰው ይውጡ። ካልወረደ ያቁሙ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ሁለት ደቂቃ በቀስታ ያዙሩና ያጥፉ። ክዳኑን 40 ደቂቃ ያህል አይንኩት። ውሃ ሲጨምሩም ቀዝቃዛውን በአንዴ አይድፉበት፤ የጋለ ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል።

መተማ ላይ ሾፌሩም እንደ ሞተሩ ውሃ ይፈልጋል፤ በሙቀቱ ጊዜ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል። ለመኪናው 10 ሊትር በጀሪካን፣ ለሰው ለብቻው ይያዝ። ወደ ቆላ ስለወረዱ ጎማ አያስተነፍሱ። ሙቀቱ ግፊቱን ይጨምራል፣ ዝቅታው ደግሞ በመለኪያው ላይ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ። በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ላይ የተጻፈውን ልክ መያዝ ነው። ካደሩ አጎበር አይርሱ፣ ወባ አለ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ደባርቅ ሳንደርስ ያስመልሳታል። ባዶ ሆዷን ብወስዳትም ያው ነው። — ከሳሙና በር

መልስ፦ ባዶ ሆድ ያባብሰዋል። ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ደረቅ ዳቦ ትብላ፤ ወተት፣ ጁስና ቅባት አይሰጣት። ከኋላ መሐል፣ የፊቱ መንገድ በሚታያት ቦታ፣ ቀበቶዋን አስረው ያስቀምጧት። ስልክ አትይ፤ ዓይን የቆመ ነገር ሲያይ ጆሮ ደግሞ መታጠፉን ሲሰማ ነው አንጎል የሚታወከው። መስኮቱ ትንሽ ይከፈት፣ የቤንዚን ሽታ ያለው ጀሪካን ከመኪናው ይውጣ። ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ትውረድና ትራመድ። ዝንጅብል በሻይ የሚረዳቸው ልጆች አሉ። መድኃኒት የሚያስፈልጋት ከሆነ ልክና ዓይነቱን ፋርማሲስት በክብደቷ ይንገርዎ፤ የሚሰጠውም ከመነሣት ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው፣ ካስመለሳት በኋላ አይሠራም። ያንኑ መድኃኒት ሾፌር እንዳይወስደው፣ ያስተኛል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ የት ልሙላ? በጀሪካንስ ልያዝ? — ከአዘዞ

መልስ፦ በዋዜማው ጎንደር ወይም አዘዞ ሙሉ ያድርጉ፤ በጉዞው ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ መዋል የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ይበላል። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባሉ የስልክ መክፈያዎች ስለሆነ ስልኩ ይሞላ፣ ሂሳቡም ይኑር፤ ኔትወርክ የማይኖርበት ቦታ አለና ግማሽ ሲሆን ያገኙበት ይሙሉ። ሰውና ሻንጣ የጫነች ትንሽ መኪና በ1 ሊትር 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ለ740 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ያህል ትፈልጋለች፤ የቪትዝ ታንከር ደግሞ 42 ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዴ፣ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ መሙላትዎ አይቀርም። ቤንዚን ተሳፋሪ ባለበት መኪና ውስጥ በፕላስቲክ ጀሪካን አይያዝ፤ ከደጋ ወደ በረሃ ሲወርዱ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ትነቱም ይወጣል።